እግር ሲረግጥ የሚቆም ውኃ፦ በእምነትና በመታዘዝ ጸንቶ ለመኖር የሚረዳ መመሪያ

መንፈሳዊ ብርታት ያነሰው ሰው ብዙ ጊዜ «ትንሽ ልበርታና እጸልያለሁ፤ ልቤ ሲረጋጋ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ፤ እምነቴ ሲጠነክር ይህን ልማድ እተዋለሁ» ሲል ይሰማል። መጽሐፍ ቅዱስ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። እስራኤላውያን ዮርዳኖስን በተሻገሩበት ቀን ወንዙ በመከር ወራት እንደሚሆነው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ ውኃው የቆመውም ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት ከዳር ሆነው ሲጠባበቁ ሳይሆን እግራቸው ውኃውን በነካ ጊዜ ነው (ኢያሱ 3፥15-16)። ዐሥሩ ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ የታዘዙት ለምጹ ገና ከሰውነታቸው ሳይለቅ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም የነጹት «ሲሄዱ» እንደ ሆነ ይነግረናል (ሉቃስ 17፥14)። እጁ የሰለለችው ሰው «እጅህን ዘርጋ» የተባለው ሊዘረጋት በማይችልበት ሰዓት ነው (ማርቆስ 3፥5)። በሦስቱም ታሪኮች ኃይሉ የተገኘው በመታዘዙ መካከል እንጂ ከእርሱ አስቀድሞ አይደለም።

ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የቆሙ ናቸው። ለሥራው የሚያስፈልጉት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ደብተር፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜና ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ የእምነት ሰው ናቸው። እርምጃዎቹን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር አይጠቅምም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ መጀመር ይቻላል፣ ሦስተኛው ግን የየዕለት፣ አራተኛውም የየሳምንቱ ሥራ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ የድካሙን ዓይነት ለይቶ ማወቅ

እያንዳንዱ የልብ መዛል የእምነት ጉድለት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ድል ካየ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልላከለትም፤ መልአኩ ዳስሶ ቀሰቀሰውና በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፣ ዳግመኛም ተቀስቅሶ በላ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት ተጉዞ ወደ ኮሬብ የደረሰው (1ኛ ነገሥት 19፥4-8)። እንጀራና እንቅልፍ ከጥያቄው ቀድመው መጡ፤ «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የኋላ ኋላ ነው የተጠየቀው።

ስለዚህ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በደብተርዎ ላይ አራት ነገሮችን ይመዝግቡ፤ እነርሱም ስንት ሰዓት እንደ ተኙ፣ በሰዓቱ መመገብ አለመመገብዎን፣ በቀኑ ውስጥ ልብዎ ይበልጥ የደከመበትን ሰዓት፣ እንዲሁም በዚያ ሰዓት ሲያስቡት የነበረውን ናቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ የጻፉትን አንብበው ድካሙ ከየት እንደሚመነጭ ለመለየት ይሞክሩ። ከእንቅልፍ ማጣትና ከሥራ ብዛት የመጣ ከሆነ የመጀመሪያው መታዘዝ ማረፍ ነው፣ ዕረፍት በዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ የተጻፈ ነውና። ከሐዘን የመጣ ከሆነ ሐዘን ኃጢአት አይደለም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ሕሊና ከሚያውቀው ያልተናዘዙት በደል የመጣ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ዕረፍት አይደለም፣ ወደ አራተኛው እርምጃ ፈጥኖ መድረስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ለሳምንታት ያልለቀቀ ጨለማ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለቅርብ ሰው መንገርና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መካድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ከጳውሎስ የቅርብ ባልንጀሮች አንዱ የነበረው ሉቃስ ግን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ተብሎ ነው የተጠራው (ቆላስይስ 4፥14)። ሕክምናና ጸሎት አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ለምን እንደሚታዘዙ ማጥራት

መታዘዝን እንደ ዕዳ ክፍያ የሚቆጥር ሰው መቼም አይረጋጋም፤ በበረታ ቀን ይኮራል፣ በደከመ ቀን ከእግዚአብሔር ፊት ይሸሻል፣ ሁለቱም መናወጥ ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛት የሚጀምሩት በትእዛዝ አይደለም፤ ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እኔ ነኝ በሚል ቃል ይጀምሩና ትእዛዙ ከዚያ ይከተላል (ዘፀአት 20፥2-3)። ሕዝቡ ታዝዞ አልዳነም፤ ከዳነ በኋላ እንዲታዘዝ ተጠራ። ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መግቢያና መደምደሚያ ላይ እምነትንና መታዘዝን በአንድ ሐረግ አጣምሮ ያስቀምጣቸዋል (ሮሜ 1፥5፤ 16፥26)። ጌታም በመጨረሻዪቱ ሌሊት «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ሲል (ዮሐንስ 14፥15) ለትእዛዙ መጠበቅ ምክንያት ያደረገው ፍቅርን ነው።

የራስዎን ልብ ለመፈተን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በወደቅሁበት ቀን ማታ ወደ ጸሎት እቀርባለሁ ወይስ እሸሻለሁ? የሚሸሹ ከሆነ ጸሎትን ከመልካም ሥራ ጋር የሚለዋወጡት ሸቀጥ አድርገውታል ማለት ነው። ይህን ለማረም የሚረዳ ቀላል ልምምድ አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ጸሎት ከልመና በፊት፣ ከኑዛዜም በፊት፣ እርስዎ ምንም ሳያደርጉ በተደረገልዎት አንድ ነገር ላይ በሚቀርብ ምስጋና ይጀምሩ። በክርስቶስ መስቀል ይጀምሩ፣ በዚያን ዕለት ጠዋት በመንቃትዎ ይጀምሩ፤ ብቻ እርስዎ ያልሠሩት ነገር ይሁን። ሁለት ሳምንት ያህል ሲደጋገም የጸሎቱ ድምፅ ራሱ ይለወጣል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የማይነቃነቅ ሰዓት መትከል

ዳንኤል ለሠላሳ ቀን ከንጉሡ በቀር ወደ ማንም እንዳይጸለይ የሚከለክለው ዐዋጅ እንደ ተጻፈ ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ በቀን ሦስት ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጸለየ (ዳንኤል 6፥10)። በዚያ ጥቅስ ውስጥ ብዙ አንባቢ ሳያስተውላት የሚያልፋት ሐረግ አለች፤ ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ የምትለው። ዳንኤል በአንበሶቹ ጉድጓድ አፋፍ ላይ መጸለይ አልጀመረም፤ ለዓመታት ያደርገው የነበረውን ነገር አላቋረጠም፣ ይኸው ነው። በመከራ ቀን የሚገኘው ጽናት በተራ ቀናት የተከማቸ ነው። አዲስ ልማድ ለመጀመር ማዕበሉን የሚጠብቅ ሰው በማዕበሉ ውስጥ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል።

ልማዱ የየዕለት መሆን ያለበት ለምን እንደ ሆነ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት የመና ታሪክ ያስረዳል። እያንዳንዱ ሰው ለዕለቱ ጎሞር በሚባለው መስፈሪያ አንድ ይሰበስብ ነበር፤ እስከ ጠዋት ያስቀሩት ተልቶ ሸተተ፣ ለሰንበት በዐርብ ዕጥፍ አድርገው የሰበሰቡት ብቻ ሳይበላሽ ቆየ (ዘፀአት 16፥16-24)። የትናንት ጸሎት የዛሬን አይሸፍንም፣ የዛሬም የነገን።

ሰዓቱን ሲመርጡ የሚከተለውን ያስቡ። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሡ ጊዜ፣ ስልክ ከመነካቱ በፊት፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይመድቡ፤ ቀትር ላይ ሥራ ሳይፈቱ ሊሆን የሚችል ሦስት ደቂቃ፤ ማታ ዐሥር ደቂቃ። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያኖች «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልዩ ስለ ነበር፣ ቀትር ላይ ሌላ ነገር ባይመጣልዎት ይህ ይበቃል። የቦታ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም፤ በአንድ ወንበር ወይም በአንድ ጥግ ሁልጊዜ የሚጸልይ ሰው ሰውነቱ ራሱ ቦታውን ሲያይ ይሰበሰባል። ደቂቃዎቹን ከመጠን በላይ አያብዙ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በቀን ሁለት ሰዓት ብዬ ጀምሬ ከዐሥር ቀን ያለፈ አልጸናሁም፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብዬ የጀመርኩት ግን እስካሁን አልተቋረጠም።

የጠዋቱን ጊዜ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ደግሞ ይኸውና። መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት ስላሉት በቀን አምስት ያነበበ በሠላሳ ቀን ይጨርሰዋል፤ ይህ ከበዛብዎት በመዝሙር 119 (በግዕዙ አቆጣጠር 118) ይጀምሩ። ይህ መዝሙር በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ የተቀመጡ 22 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱም ስምንት ስምንት ቁጥር ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻውም ስለ እግዚአብሔር ቃልና ስለ መታዘዝ የሚናገር ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። በቀን አንድ ክፍል ቢያነቡ በ22 ቀን ያልቃል። ከዚያ ወደ አንዱ ወንጌል ይሻገሩና በቀን አንድ ታሪክ ብቻ ይውሰዱ። ካነበቡ በኋላ በደብተርዎ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ አንዱ ቃሉ የሚሰጠኝ ተስፋ ምንድን ነው የሚለውን፣ ሌላው ቃሉ የሚያዘኝ ምንድን ነው የሚለውን ይመልስ። አንዳንድ ቀን ከሁለቱ አንዱ ባዶ ይሆናል፤ ባዶውን በግድ መሙላት አያስፈልግም።

ቃል የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን የራስዎን ቃል ከመፈለግ ይልቅ የተጻፈውን ይዋሱ። መዝሙር 13 «እስከ መቼ» የሚለውን ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋግማል፣ መዝሙር 88 ደግሞ በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ሁለቱም ጸሎት ሆነው መጻፋቸው ደስ ሳይለን መጸለይ እንደ ተፈቀደልን ያሳያል። በመዝሙር 42 እና 43 ውስጥ ደግሞ ባለ መዝሙሩ ሦስት ጊዜ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» እያለ ከራሱ ነፍስ ጋር ይነጋገራል፤ ነፍሱ የምትለውን ዝም ብሎ ሲሰማ አይውልም፣ እርሱም ይመልስላታል። ይህን ልምምድ ድምፅን አውጥቶ ማድረግ ይጠቅማል።

አራተኛ እርምጃ፦ አንዲት የታወቀች ትእዛዝ መምረጥና መፈጸም

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው፤ ሌሎቹን እርምጃዎች ሁሉ አክብረው ይህን ቢዘልሉት የሚቀረው የንባብና የጸሎት ልማድ ብቻ ይሆናል። በዓለት ላይ ቤቱን የሠራውና በአሸዋ ላይ የሠራው ሰው ሁለቱም ቃሉን ሰምተዋል፣ ዝናቡም ጎርፉም ነፋሱም ሁለቱንም ቤቶች እኩል መቷቸዋል። ልዩነቱ ሰምቶ ማድረግና ሰምቶ መተው ነው (ማቴዎስ 7፥24-27)።

ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ እንጸልያለን፣ አስቀድመን ያወቅነውን ግን በይደር አስቀምጠነዋል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ሰዓት ደብተርዎን ይክፈቱና «ላደርገው እንደሚገባ እያወቅሁ ያላደረግሁት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የመጣልዎትን ሁሉ ሳይመርጡ ይጻፉ፤ አምስት ወይም ስድስት ነገር ይመጣል። ከዚያ ውስጥ አንዲቱን ብቻ ይምረጡ። የምትመረጠው ትእዛዝ በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ የተጻፈች እንጂ በግምት የተገኘች አትሁን፤ ሌላው ሰው እንዲለወጥ የምትጠይቅ ሳትሆን የእርስዎን እጅ የምትጠብቅ ትሁን፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ልትጀመር የምትችል ትሁን፤ ደግሞም አንድ ነገር የምታስከፍል ትሁን፣ ክብርን ወይም ገንዘብን ወይም ምቾትን።

ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ሄዶ ከወንድም ጋር መታረቅ አለ (ማቴዎስ 5፥23-24)፤ እንደ ዘኬዎስ የወሰዱትን መመለስ አለ (ሉቃስ 19፥8)፤ ውሸትን አስወግዶ ለባልንጀራ እውነት መናገርና ቁጣን ይዞ ፀሐይ እንዳትገባ መጠንቀቅ አለ (ኤፌሶን 4፥25-26)፤ ግራ እጅ ቀኝ የሚሠራውን እንዳያውቅ በስውር መስጠት አለ (ማቴዎስ 6፥3)። ከእነዚህ አንዳቸውም አስደናቂ አይደሉም፤ ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ለመንጻት በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ሲነገረው ትእዛዙ አንሶበት ተቆጣ። ያዳነው የአገልጋዮቹ ምክር ነው፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢነግርህ ኖሮ ታደርገው አልነበረምን አሉት (2ኛ ነገሥት 5፥13)። ለታላቅ ሰማዕትነት ዝግጁ ነኝ የሚል ሰው ለአንዲት የይቅርታ የስልክ ጥሪ ወር ሙሉ ሲያመነታ ማየት የተለመደ ነው፤ ከራሴ ስለማውቀው ነው የምጽፈው።

የመረጧትን ትእዛዝ በደብተር ላይ ሲጽፉ በጥቅሉ አይጻፉ። «ከወንድሜ ጋር ሰላም እፈጥራለሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ «ነገ ከሥራ በኋላ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ደውዬ ባለፈው ስለ ተናገርኩት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚለው ግን የሚፈጸም ነገር ነው። ይቅርታውን አስቀድመው በቃል ቢያዘጋጁት ይረዳል፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። የተጎዳውን ለማስተካከል ማድረግ ያለብኝ ነገር ካለ ንገረኝ።» አራተኛ ዐረፍተ ነገር ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ «ነገር ግን አንተም» ብሎ የሚጀምር ስለሚሆን ሦስቱን ይበልጥ ያበላሻቸዋል። ወንድምዬው ይቅር ባይልስ? የእርስዎ ድርሻ የጳውሎስ ቃል እንደሚለው በተቻለዎት መጠን ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም መኖር ነው (ሮሜ 12፥18)፤ የእርሱ መልስ የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ የበደለዎት ሰው አሁንም ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ ይቅር ማለት ወደ እርሱ እጅ ተመልሶ መግባት ማለት አይደለም፤ ልብን ከበቀል ነጻ ማድረግና ራስን ከጉዳት መጠበቅ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ።

ከግማሽ መታዘዝ ይጠንቀቁ። ሳኦል አማሌቅን እንዲያጠፋ ታዝዞ ከበጎቹና ከላሞቹ መልካም መልካሙን አስቀረና ሳሙኤልን «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» ብሎ ተቀበለው፤ የበጎቹ ጩኸት ግን ከኋላው ይሰማ ነበር። ሰበቡም መንፈሳዊ ነበር፣ ለመሥዋዕት አስቀረናቸው የሚል። «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» የተባለው በዚያ ቀን ነው (1ኛ ሳሙኤል 15፥13-22)። እርስዎም ትእዛዟን ፈጽሜአለሁ ብለው ምልክት ከማድረግዎ በፊት ጆሮዎን አቅንተው ከኋላ የሚጮኽ ነገር እንዳለ ያድምጡ።

ስሜት እስኪመጣ አይጠብቁ። ስምዖን ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም አልያዘም ነበር፤ በዓሣ አጥማጅነት ልምዱም ጊዜው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን «በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» አለ (ሉቃስ 5፥5)። በዚያ መልስ ውስጥ ጉጉት የለም፣ ድካም ግን አለ፤ መረቡ ግን ተጣለ። ትእዛዟ ከተፈጸመች በኋላ በደብተሩ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ ለማንም አያውሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሁለተኛዪቱ ይለፉ። በሳምንት አንዲት ትእዛዝ ጥቂት ትመስላለች፣ በዓመት ግን ከሃምሳ ትበልጣለች።

አምስተኛ እርምጃ፦ ብቻን አለመቆም

ኤልያስ በኮሬብ ሁለት ጊዜ «እኔ ብቻ ቀርቻለሁ» አለ፤ የተሰጠው መልስ ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነው። ሙሴም ከአማሌቅ ጋር ውጊያ በነበረ ቀን እጆቹ ስለ ከበዱ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ደግፈውለታል (ዘፀአት 17፥12)። የሐዋርያት ሥራ የመጀመሪያዎቹን ምእመናን ሲገልጽ በሐዋርያት ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቁረስና በጸሎት ይተጉ እንደ ነበር ይናገራል (2፥42)፤ ከአራቱ አንዱም ለብቻ የሚደረግ ሆኖ አልተጻፈም።

በተግባር ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በምእመናን ጉባኤ በየሳምንቱ ይገኙ፣ ልብዎ ባልፈለገ ቀን ጭምር። ሁለተኛ፣ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለታመነ የእምነት ወንድም ወይም እኅት በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ በአራተኛው እርምጃ የጻፉትን ይንገሩ፤ ያዕቆብ እርስ በርሳችን በኃጢአታችን እንድንናዘዝ የጻፈው በምክንያት ነው (5፥16)። የሚመርጡት ሰው የሰማውን ይዞ የሚቀመጥ፣ ለማጽናናት ብሎ ኃጢአትን የማያሳንስ፣ ለማስደንገጥ ብሎም የማያገዝፍ ይሁን።

መታዘዝ የሚለው ቃል በክፉ እጅ ሲገባ ሰንሰለት ይሆናል። ጥያቄ አትጠይቅ የሚል፣ ከቤተሰብና ከወዳጅ የሚለይ፣ ለራሱ ገንዘብና አገልግሎት የሚያዝዝ፣ የእርሱን ቃል ከእግዚአብሔር ቃል ጋር እኩል የሚያደርግ መሪ ሊታዘዙት አይገባም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ እንደዚህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፣ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተወቀሱም (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባናል» የሚለው ቃልም የተነገረው ለሃይማኖት አለቆች ነው (5፥29)።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ለማዕበል ቀንና ለድርቀት ወራት መዘጋጀት

ዳዊት ወደ ጺቅላግ ሲመለስ ከተማዪቱ ተቃጥላ፣ ሚስቶቹና የሰዎቹ ቤተሰቦች ተማርከው ነበር፤ ሰዎቹም በድንጋይ ሊወግሩት ተነጋገሩ። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 የተመዘገበው ያደረገው ነገር ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ ለማልቀስ ኃይል እስኪያጣ አለቀሰ፤ ቀጥሎ «ልቡን በአምላኩ በእግዚአብሔር አጽናና»፤ ከዚያ በካህኑ በአብያታር በኩል እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ በመጨረሻም ተነሥቶ ሄደ። ከስድስት መቶ ሰዎች ሁለት መቶዎቹ ደክመው በቦሦር ወንዝ ቀሩ፤ ዳዊትም ከምርኮው እኩል እንዲካፈሉ ሥርዓት አደረገ። ደካማው አልተጣለም።

በሰላሙ ጊዜ ከደብተርዎ አንድ ገጽ ለይተው ለዚያ ቀን ያዘጋጁ። በላዩ ላይ ያጸናዎትን ሦስት የተስፋ ቃል፣ ድምፅ አውጥተው የሚያነቡትን አንድ መዝሙር፣ በሌሊትም ቢሆን ሊደውሉለት የሚችሉትን ሰው ስልክ ይጻፉ፤ ከግርጌውም «ዛሬ ከቤት አልወጣም፣ ሥራ አልለቅም፣ ትዳር አልፈታም፣ የሦስት ቀን ዕረፍት ሳላገኝ ከባድ ውሳኔ አልወስንም» የሚል ቃል ይጨምሩ። በቤት ውስጥ ግፍ ወይም አደጋ ያለበት ሰው ግን ይህን የመጨረሻ መስመር አይጻፈው፤ ለእርሱ መታዘዝ ነፍሱን ማትረፍ ነው።

ድርቀት ከማዕበል ይለያል፤ ምንም የተቃጠለ ነገር የለም፣ ጸሎቱ ብቻ እንጨት እንጨት ይላል። እ.ኤ.አ. ከ251 እስከ 356 ገደማ ስለ ኖሩት ስለ አባ እንጦንስ እንዲህ ይተረካል፤ በበረሃ መሰልቸትና የሐሳብ ብዛት በከበባቸው ጊዜ ምን ላድርግ ብለው ወደ እግዚአብሔር ጮኹ፤ ወጣ ብለው ሲመለከቱም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግመኛ ተቀምጦ ሲጎነጉን አዩ። መልአክ ነበር፤ እንዲህ አድርግና ትድናለህ ተባሉ። ስለዚህ በድርቀት ወራት የጸሎቱን ሰዓት አያርዝሙ፣ አያሳጥሩም፤ እንደ ተተከለው ይጠብቁትና በመካከሉ እጅ የሚይዝ ሥራ ይሥሩ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ከውድቀት በዚያው ሰዓት መመለስ

ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣልም ይላል መጽሐፍ (ምሳሌ 24፥16)። ሲወድቁ ሰኞን አይጠብቁ፣ የወሩን መባቻም አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ያደረጉትን በስሙ ጠርተው ይናገሩ፤ «ደክሜ ነበር» ሳይሆን «ዋሽቼአለሁ» ይበሉ። የተጎዳ ሰው ካለ ይካሱ፤ ወደ ውድቀቱ ያደረሰውን ሰዓት ወይም ቦታ ወይም ወዳጅነት ለይተው ይቁረጡ። ከዚህ በኋላ ፈጽሞ አላደርግም ብለው ከባድ ስእለት አይሳሉ፣ ይልቁንም የሚቀጥለውን የተተከለ የጸሎት ሰዓት ብቻ ይጠብቁ።

ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በከሰል ፍም ዙሪያ እሳት እየሞቀ ሳለ ነው (ዮሐንስ 18፥18)፤ ከትንሣኤ በኋላም በባሕሩ ዳር የጠበቀው ሌላ የከሰል ፍም ነበር (21፥9)። ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ሦስት ጊዜ ጥያቄ ቀረበለት፣ ጥያቄውም «ለምን ካድህ?» አልነበረም፤ «ትወደኛለህን?» የሚል ነበር። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ የመጣው ደግሞ ሥራ ነው፣ በጎቼን አሰማራ የሚል።

ሦስት ወር ሲሞላ ደብተርዎን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያንብቡ። ስንት ቀን ደስ እንዳለዎት አይቁጠሩ፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ወር ከውድቀት ለመመለስ ስንት ቀን እንደ ፈጀብዎት፣ በሦስተኛውም ስንት እንደ ፈጀብዎት ያስተያዩ። ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ቀን ከወረደ መረጋጋቱ ጀምሯል ማለት ነው። ካልወረደም በአራተኛው እርምጃ ከጻፏቸው ትእዛዛት መካከል እየዘለሉ ያለፏትን ይፈልጉ፤ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ የምትቀር አንዲት አለች፣ የሚቀጥለው ሳምንት የእርሷ ይሁን።